ሮትዋይለራችንን ለማሰልጠን 18,000 ብር ከፈልን፤ ችግሩ ግን ዘሩ ነበር ወይ?

ይህን የምጽፈው ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ውሻ ላላቸው ሰዎች ነው። የጎረቤት ውሻ ፈርተው መንገድ ለሚቀይሩም ጭምር። ቤት ለቤት እየመጣ ውሻ ከሚያሰለጥን አንድ ወጣት ጋር ስድስት ሳምንት ሰርተናል። በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ለአንድ ቀን 1,500 ብር ነው፣ በድምሩ 18,000 ብር ወጣብን። ለኛ ቤት ብዙ ብር ነው። ስለዚህ ምን እንዳገኘንበት በደንብ ልንገራችሁ።

ቤታችን አፍንጮ በር ነው። የድሮ ግቢ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ጥግ ላይ አንድ ኮክ ዛፍ። ሁለት ውሻ አለን። ሬክስ ሮትዋይለር ነው፤ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ወንድሜ ከአገር ሲወጣ ለእናቴ ትቶት ሄደ። ቡቺ ደግሞ የሀበሻ ውሻ ናት። ከሰፈር መጥታ እዚያው የቀረች፣ ቀይ፣ ቀጭን፣ ማንም የማይፈራት። በራችን ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሲለጠፍ የታሰበው ሬክስ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጎረቤት ልጅ ኳሱ ገብቶበት ሊያወጣ መጣና ባቱ ላይ ተነከሰ። ጩኸቱን ሰምተን ስንወጣ የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል። ሁሉም «ያ ጥቁሩ ነው!» ይላል። ፖሊስ ይጠራ ያለ አለ፣ ዛሬውኑ ይወገድ ያለም አለ። እኔም አልተከራከርኩም፣ ምክንያቱም በልቤ ያው መስሎኝ ነበር፤ ሬክስን ስመግብ እንኳ ሳህኑን በእንጨት እየገፋሁ ነበር የማቀርብለት። ልጁ ግን ለቅሶው ጋብ ሲልለት «ሬክስ አይደለም፣ ቡቺ ናት» አለ። እውነትም ሬክስ እንደታሰረ ነው፣ ሰንሰለቱም ኳሱ ካረፈበት አይደርስም። ቡቺ አጥንት ይዛ ነበር፤ ኳሱ አጠገቧ ሲያርፍና ልጁ ጎንበስ ሲል አጥንቷን ሊቀማት መሰላት።

እናቴ ልጁን ቧንቧ ስር አስቀምጣ ቁስሉን በሳሙና አጠበችለት፤ ቆጥራ 15 ደቂቃ ሙሉ። ይህን ሁላችሁም ያዙልኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድና ክትባት መጀመር። በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ክትባቱን ያኔውኑ ጀመረ። ቡቺን ለይተን አስር ቀን ተከታተልናት፣ ደህና ሆነች። ያልተከተበች ነበረች። ይሄ ሙሉ በሙሉ የኛ ጥፋት ነው፣ የልጁን ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል።

ቡቺ ነክሳ ሳለ አሰልጣኝ የጠራነው ግን ለሬክስ ነው። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ከዚህ በፊት ወንድሜ ሌላ አሰልጣኝ ቀጥሮ ነበር፤ ስሙን አላነሳም። «ለጥበቃ ላዘጋጅላችሁ» ብሎ ሬክስን ገና ቡችላ ሳለ በማዳበሪያ ከረጢት እየመታ ያናድደው ነበር። ቀን ቀን ታስሮ ይዋል፣ እንግዳ አይንካው፣ ከቤት ሰው ውጭ ማንም አያብላው ብሎ አዞ ሄደ። እኛም እንዳዘዘው አደረግን፤ ለአራት ዓመት ያህል።

አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ስለ ዘሩ ምንም አልጠየቀም። በሩ ላይ ቆሞ እናቴን «ማዘር፣ ሰንሰለቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚፈታው?» አላት። «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነዋ ልጄ» አለችው። «ጠዋትስ?» «አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እናስረዋለን።» ከዚያ ማን ያጫውተዋል ብሎ ጠየቀ። ዝም አልን።

ቀጥሎ ያደረገውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሬክስ እየጮኸ፣ የጀርባው ፀጉር ቆሞ፣ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ወጥሮታል። አሰልጣኙ ሰንሰለቱ ከማይደርስበት ራቅ ብሎ ጎኑን ሰጥቶት ቁጢጥ አለ። አይኑን አላየውም። ከኪሱ የተቀቀለ ጉበት አውጥቶ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ ይወረውርለት ጀመር፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ምናልባት ሃያ ደቂቃ። መጀመሪያ ሬክስ ጉበቱን ዞር ብሎም አላየው። ቆይቶ አንዱን አነሳ። ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ ሰንሰለቱ ረገበና መሬት ነካ፣ ሬክስም ተቀመጠ። ያኔ ነው አንገቱን በደንብ ያየሁት፤ ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ፀጉር የለውም፣ በግራ በኩል ደግሞ እርጥብ ቁስል አለ። አራት ዓመት እዚያው ግቢ እየኖርኩ አላየሁትም። እናቴ አይታ አለቀሰች።

በሁለተኛው ሳምንት ሁላችንም የምንፈልገውን ጥያቄ ጠየቅነው፦ ይሄ ዘር በተፈጥሮው ክፉ ነው አይደለም? መልሱ ቀጥተኛ ነበር። ሮትዋይለር ጀርመን ውስጥ ሮትቫይል በምትባል ከተማ አካባቢ ከብት ይነዳና የሥጋ ሻጮችን ጋሪ ይጎትት የነበረ ውሻ ነው፤ ጉልበቱ ከዚያ የመጣ ነው። ወንዱ 50 ኪሎ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ውሻ ሲነክስ እንደ ቡቺ ጭሮ አይተውም። ስለዚህ ዘር የጉዳቱን መጠን ይወስናል፣ ይነክሳል ወይስ አይነክስም የሚለውን ግን በብዛት የሚወስነው አስተዳደጉ ነው አለን። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው፣ ልጅ፣ ድምፅ፣ መኪና መልመድ አለበት፤ ሬክስ በዚያ ጊዜ የለመደው ከረጢት ነው።

የሚሸጠው ሥልጠና ስለሆነ እንዲህ ማለቱ አይቀርም ብዬ ማታ ማታ ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ሁለት ፊት አለው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1979 እስከ 1998 በውሻ ጥቃት የሞቱ 238 ሰዎች ሲጠኑ ከግማሽ በላይ የሆነው ሞት ከፒት ቡልና ከሮትዋይለር ጋር የተያያዘ ነበር። ይሄን አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ግን ያንኑ ጥናት የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የእያንዳንዱ ዘር ውሻ በአገሩ ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ ቁጥሩ የትኛው ዘር ይበልጥ አደገኛ እንደሆነ አያሳይም ብለዋል። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ2000 እስከ 2009 የደረሱ 256 ሞቶችን አንድ በአንድ መረመረ። 87 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጣልቃ ገብቶ የሚያድን ሰው አጠገብ አልነበረም። 84 በመቶ ላይ ውሾቹ ያልተኮላሹ ነበሩ። 76 በመቶ ላይ ደግሞ ከሰው ጋር ቅርበት የሌላቸው፣ ተገልለው የሚኖሩ ነበሩ። ዘራቸው በእርግጠኝነት የታወቀው 18 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ በሩ ላይ ቆሞ «ያ ጥቁሩ ነው» ያለው ሰው ሁሉ ትዝ አለኝ። ልጁ ባይናገር ኖሮ እኛም የሮትዋይለር ንክሻ ብለን እናስመዘግብ ነበር።

በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ደግሞ ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶችን ጠይቆ፣ የ2,155 ውሾችን ዘረመል አንብቦ፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዘር የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ይላል። ቶሎ መቆጣት ደግሞ ከዘር ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ከሆነባቸው ጠባዮች አንዱ ነው። እንግሊዝ በ1991 ፒት ቡልን ጨምሮ አራት ዓይነት ውሾችን በሕግ ከለከለች፣ በ2023ም ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለውን ግዙፍ ዓይነት ጨመረች፤ ሮትዋይለር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኔዘርላንድ ደግሞ ፒት ቡል ላይ የጣለችውን ክልከላ ንክሻ ስላልቀነሰላት በ2008 ለማንሳት ወሰነች።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ትልቅ ውሻ የያዘ ሰው ከሌላው የበለጠ ኃላፊነት አለበት፣ ምክንያቱም አንድ ስህተት ሕይወት ያጠፋል። ክፉ ሆኖ የተወለደ ዘር አለ የሚለውን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ከተማችን ውስጥ በአጭር ሰንሰለት የታሰረውን ጀርመን ሸፐርድ ሁሉ እያየን ኃይለኛ ዘር ነው እንላለን። ሰንሰለቱን ማን እንዳሰረው ግን አንጠይቅም።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ምን ተለወጠ? ቀኑን ሙሉ ማሰር ቀረ። ከግቢው ጀርባ በሽቦ ሰፋ ያለ ቦታ አጠርንለት፤ ለእሱ ለብቻው 9,000 ብር ወጣ። «ተቀመጥ»፣ «ቆይ»፣ «ተው» ሲባል ይሰማል፣ እናቴም ስታዘው ይሰማል፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በአምስተኛው ሳምንት እሁድ ጠዋት አፉ ላይ ማፈኛ አድርገን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ አወጣነው። ሰው ራቅ እያለ ያልፋል። አንድ ሊስትሮ ብቻ ቆሞ «ስሙ ማነው?» አለ። ሬክስ ጫማ መጥረጊያውን አሽትቶ አለፈ። ቤት ስንደርስ እናቴ ቡና አፈላች።

ያልወደድኩትም አለ። ከአስራ ሁለቱ ቀን አምስቱን ዘግይቶ መጥቷል፣ አንዱን ቀን ጭራሽ ሳይደውል ቀረ፤ ያንን ቀን ግን ሌላ ጊዜ መጥቶ ተክቶልናል። ደረሰኝ አይሰጥም። የክትባት ካርድ አልጠየቀም፤ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ውሻ የሚነካ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱን ነው። ከሁሉ በላይ ቅር ያለኝ ግን፣ ዘር አይደለም ዋናው እያለን እሱ ራሱ እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ቡቺን ዞር ብሎ አላያትም። የነከሰችው እሷ ሆና! ስነግረው ግን አልተከራከረም፣ «ልክ ነሽ እህቴ፣ ትንሽ ስለሆነች ዘነጋኋት» አለና የቀሩትን ቀናት ግማሽ ለእሷ ሰጠ። አሁን ለብቻዋ ነው የምትበላው፣ አጥንት በር አካባቢ አይሰጣትም፣ ሳህኗን በተሻለ ነገር እየለወጥን ስናነሳባት ማጉረምረም ትታለች።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የምትጠሩት ከሆነ ሁለቱንም ውሻችሁን፣ አራትም ካላችሁ አራቱንም፣ ከመጀመሪያው ቀን እንዲያይ ንገሩት፣ ሰዓቱንም አጥብቃችሁ ተነጋገሩ። ከእሱ በፊት ግን የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄዳችሁ አስከትቡ።

ልጁ ባቱ ድኗል፣ ክትባቱንም ጨርሷል። ቅዳሜ ከአባቱ ጋር መጥቶ ከሽቦው ውጭ ቆሞ ሬክስን «ተቀመጥ» አለው፣ ሬክስም ተቀመጠለት። ወደ ቡቺ ግን ገና አይጠጋም፤ እኛም አላስገደድነውም።