የሃይብሪድ መኪና ሶላር ጣራ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሶላር ጣራ ያለው ፕለግ ኢን ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ፣ ከሶኬት ቻርጅ የሚደረግ መኪና) ስለምነዳ ያየው ሁሉ "ነዳጅ አስቀረልህ ወይ?" ይለኛል። አላስቀረልኝም። ትንሽ ይቀንሳል፣ እሱም መኪናው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ነው።

ሂሳቡን እንስራው እስቲ። የ2023ቱ ፕሪየስ ፕለግ ኢን ጣራ 185 ዋት ነው። ፀሐዩ ደህና በሆነ ቀን ሙሉ አቅሙን 5 ሰዓት ያህል ሰጠ እንበል፣ 185 በ5 ስታባዙት 925 ዋት ሰዓት ነው፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አልሞላም። እዛ ላይ ጣራው ጠፍጣፋ ስለሆነ ቤት ላይ እንዳለው ሶላር ወደ ፀሐይ አያዘነብልም፣ ኃይሉ ወደ ባትሪ ሲገባም የሚባክን አለ። የዚህ መኪና ባትሪ ደግሞ 13.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ስለዚ ባዶውን በፀሐይ ብቻ ልሙላ ያለ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይነዳ ሊያቆመው ነው ማለት ነው። ካምፓኒዎቹም ቢሆኑ አልደበቁም፣ ቶዮታ ከሶላሩ በዓመት እስከ 1,250 ኪሎ ሜትር ይገኛል ይላል፣ ሃዩንዳይ ለሶናታ ሃይብሪዱ በቀን 6 ሰዓት ቻርጅ ካደረገ በዓመት 1,300 ይላል። ሲሰሙት ብዙ ነው አይደል? ለ365 አካፍሉት፣ በቀን 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሚመጣው።

እኔን ግን የሚያናድደኝ የጥላው ነገር ነው። ሰው መኪናውን ጥላ ፈልጎ ነው የሚያቆመው፣ ሶላር ያለው ግን ጥላውን ትቶ ጠራራው ላይ ሊያቆም ነው፣ ከዛ ስትመለሱ መሪው እጅ ያቃጥላል፣ ኤሲ እስከ መጨረሻ ትከፍታላችሁ፣ ኤሲው ደግሞ መጀመሪያ ላይ 1 ኪሎዋት ተኩል ቢስብ በ20 ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው፣ የቀኑ ልፋት ግማሹ ሄደ። ፓነሉ ራሱም ሙቀት አይወድም፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 ወይ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ ደግሞ አንድ ቅርንጫፍ ጥጉ ላይ ጥላ ከጣለ የሚቀንሰው የጥላውን ያህል ብቻ አይደለም፣ ከዛ በላይ ነው። አቧራና የወፍ ኩስም እንደዛው፣ ጣራ መጥረግ የሚሰለቸው ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ታዲያ ምኑ ጥሩ ነው? ለኔ ለ12 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ የሚሰጠው እገዛ ነው። ሃይብሪድ የያዘ ያውቀዋል፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ከወረደች መኪናው ሬዲ አይልም፣ ማለትም ለመነዳት ዝግጁ አይሆንም። አሁን ያሉት ፕሪየሶች ላይ ሶላሩ መኪናው ሲቆም ትልቁን ባትሪ ቻርጅ ያደርጋል፣ ሲነዳ 12 ቮልቱን ያግዛል። የድሮው የ2010 ሞዴል ፕሪየስ ሶላር ደግሞ ባትሪ የሚባል ነገር አይነካም ነበር፣ ሥራው ፋን አዙሮ የታመቀውን ሙቅ አየር ማስወጣት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ስቆበታል፣ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ከአሁኑ ይልቅ የሱ ሐሳብ ይመቸኛል፣ ፀሐይ ያመጣውን ሙቀት በፀሐይ ማስወጣት፣ በቃ።

ወደፊት ይሻሻላል የሚሉም አሉ፣ ልክ ናቸው። በ2019 ቶዮታ፣ ሻርፕ እና ኔዶ የሚባለው የጃፓን መንግሥት ድርጅት የሞከሩት ፕሪየስ ጣራው፣ ኮፈኑና ኋላው ሁሉ ሶላር ሆኖ 860 ዋት ገደማ ደርሶ ነበር፣ ቆሞ ሲሞላ በቀን እስከ 44.5 ኪሎ ሜትር። ግን ሴሎቹ ለሳተላይት የሚሠሩት ዓይነት ውድ ናቸው፣ ለሽያጭ የወጣ መኪና ላይ አላየናቸውም።

እና ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ፣ መኪናችሁ ሜዳ ላይ የሚውል ከሆነ፣ ተጨማሪ ክፍያውም ካልከበዳችሁ ውሰዱት፣ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ምድር ቤት ፓርኪንግ ለሚያቆም ሰው ዜሮ ነው።

በኋላ የሚለጠፈውን ተጣጣፊ ፓነል ግን እንዳትሸወዱ። ሻጮቹ "ሃይብሪድ ባትሪህን ይሞላል" ይላሉ፣ እሱ የሚገናኘው ከ12 ቮልቷ ጋር ነው፣ እሱም መሃል ላይ ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር ዕቃ) ካለ። ትልቁ ባትሪ ከ200 ቮልት በላይ ነው፣ ብርቱካናማ ኬብል ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ እዛ ጋ ሽቦ ልቀጥል የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁም ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።