«ካንዴላህ ይኸው» ብሎ የሌላ ሞተር ካንዴላ የሚያሳያችሁን መካኒክ ተጠንቀቁ

የድሮ ቱ ስትሮክ (ከነዳጁ ጋር ዘይት የሚያቃጥል) ያማሃ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ሁሉ ይቺን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ስሙን አልጠራም፣ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ሞተሩን ሳይነካ በድምፁ ብቻ «ካርቡሬተር ነው» ይላል፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ማለቱ ነው። ካቻቢቴ ያነሳል፣ ሚኒሞዋን (ጋዝ ሳይሰጥ የምትሠራበትን ፍጥነት) ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ጋዝ ሰጥቶ ያስጮሃታል፣ «ሂድ፣ ሰላም ነች» ይላል።

የኔ ዲቲ 125 ነዳጅ ይበዛባት ነበር። ካንዴላዋ፣ ነዳጁን በብልጭታ የምታቀጣጥለው፣ ጥላሸት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ያለ ነው፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጁ መቀነስ አለበት። ግን መተሐራ እንደምወርድ አስረግጬ ነገርኩት። መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ለአዲስ አበባ የተቀነሰው ነዳጅ አይበቃም። ነዳጅ ያነሰው ቱ ስትሮክ ይግላል፣ ፒስቶኑ ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል። «አውቃለሁ፣ ለቆላ አድርጌ ነው የሠራሁልህ» አለኝ። 3,500 ብር ተቀበለኝ።

ወለንጪቲን አልፌ በሙሉ ጋዝ ስሄድ የኋላ ጎማዬ ድንገት ተቆለፈ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ባልይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሞተሬ በአይሱዙ ተጭና ተመለሰች።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጋራዡ ውስጥ ዓይኔ እያየ ካንዴላውን ፈታው። ሴራሚኩ ነጭ ሆኗል፤ ነዳጅ አንሷት ግላለች ማለት ነው። ላዩ ላይ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ፤ ከፒስቶኔ የቀለጠ አሉሚኒየም ነው። እጄን ስዘረጋ እሱ በጨርቅ ጠቀለለው። ወደ ጠረጴዛው ዞር አለ። ሲመለስ እጁ ላይ ያለው ካንዴላ ቆሎ የመሰለ ቡናማ ነው፣ የጤነኛ ሞተር ቀለም!

«ካንዴላህ ይኸው። ካርቡሬተሩ አንደኛ ነው። ዘይት ሳትሞላ ነድተህ ነው ያቃጠልካት።»

የዘይት ጋኗ ከግማሽ በላይ እንዳላት ሁላችንም እያየን!

ተቀብዬ አገላበጥኩት። የኔ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቢ8ኢኤስ ነው፣ ጥርሱ (ሞተሩ ውስጥ የሚጠመዘዘው ክፍል) 19 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ይሄኛው ላይ የተጻፈው መጨረሻው ኤችኤስ ነው፣ ጥርሱም ወደ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ። «ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደለም፣ ጥርሱ አጭር ነው» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ኢንጂነር መጣላችሁ። አንተ ቢሮህ ገብተህ ጻፍ፣ ብረቱን ለኛ ተወው» አለ። ነጩን ካንዴላ መልስልኝ ብለው «የቱን?» አለኝ። የቱን! አሁን በፈታው እጁ!

ከዚያ ደግሞ ፒስቶን መግዣና ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስገብቶ ማሰፊያ 14,000 ብር አምጣ አለኝ። በእሱ ጥፋት እኔ ልከፍለው።

ካንዴላችሁን ራሳችሁ ፍቱ፣ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊትም ቁጥሩን ፎቶ አንሱት። ሚኒሞ ላይ ቆማ የሠራች ሞተር ካንዴላ ምንም አይነግራችሁም። አዲስ ካንዴላ አስገቡ፣ ዳገት ላይ በሙሉ ጋዝ ንዱ፣ ጋዙን ሳትለቁ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሪሲዮን ያዙና ቁሙ፣ ያኔ ቀለሙን እዩት። ወደ ቆላ የምትወርዱ ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈው፣ ቀዳዳዋ ሰፋ ያለችው ናስ መመለሷን በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።