ለወፍና ለአበባ የገዛሁት ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ

ይህን የካሜራ ሌንስ ከያዝኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የምኖረው ገጠር ነው፤ የማነሳቸው ሁሉ ከደጄ አይርቁም። ወፍ ከቀረቧት ትበራለች። ዙሙን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 300 ስዘረጋው ግን ከበረንዳው ሳልነቃነቅ እደርስባታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ድንቢጥ አጥሩ ላይ ላባዋን ስታበጥር አነሳኋት። ምንቃሯ ጫፍ ላይ የተጣበቀችው ብጣሽ ላባ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ወጥታለች! የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ አድርጌ ነው፤ ከዚያ ሲዘገይ ክንፏ ይደበዝዝብኛል።

አበባ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ከአንድ ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ከተጠጋሁ ፎከስ አያደርግም። ወደኋላ ብዬ ዙም ሳደርግ ግን ጽጌረዳዋ ብቻ ጎልታ፣ ከጀርባዋ ያለው ቅጠል ሁሉ ለስለስ ብሎ ይጠፋል። ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ 300 ላይ ብርሃን ያጥረዋል፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ሳደርግ ደግሞ ምስሉ ይሻክራል። ስለዚህ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ነው የምወጣው።