«አለርጂ የማታስነሳ ድመት» የሚሏችሁን አትመኑ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ የድመት አለርጂ ያለባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ድመት እንዳትገዙ። እኔ 9,000 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው አራዳ አካባቢ የድሮ ቤት ውስጥ ነው፤ አይጥ አይጠፋውም። ዘንድሮ ግን ባሰ፣ የጤፉን ጆንያ ሳይቀር ቀደደብኝ። ልጄ ደግሞ «ድመት ይምጣልን» ማለት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ድመት ያለበት ቤት ከገባሁ ዓይኔ ያብጣል፣ ሳስነጥስ እውላለሁ፣ ሲብስ ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ስለዚህ እምቢ እያልኩ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ጎረቤቴ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አሳየችኝ፤ «የውጭ ዝርያ፣ አለርጂ የማታስነሳ» ይላል። በእኛ ሰፈር የድመት ግልገል ጎረቤት እየለመነ በነጻ የሚሰጠው ነው፣ እኔ ግን ያቺን አንዲት ቃል አምኜ ሄድኩ።

ሰውዬው ድመቷን ያሳየኝ ቤት ውስጥ ሳይሆን ግቢ ላይ ነው። ጸጉሯ ገና እርጥብ ነበር። «አሁን ነው ያጠብኳት» አለኝ፣ እኔም ንጽህናውን አይቼ ደስ አለኝ። ማህተም ያለበት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀትም አሳየኝ። አሥር ደቂቃ ያህል አቀፍኳት፣ ምንም አልሆንኩም። ያን ቀን ጠዋት አቧራ አስነጥሶኝ ሴትሪዚን የሚባለውን የአለርጂ ክኒን ውጬ እንደነበር እንኳ ትዝ አላለኝም። በቴሌብር ላኩለትና ይዣት ገባሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሽ አጥሮኝ ተነሳሁ። ተቀምጬ ነጋ። ጠዋት ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሟ ወረቀቱን አዩና ጊዜ ወስደው አስረዱኝ።

አለርጂውን የሚያስነሳው ጸጉሩ አይደለም። ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የሚመነጨው ከድመቷ ምራቅና ከቆዳዋ የወዝ ዕጢ ነው። ድመት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስለምትልስ ምራቁ ጸጉሯ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ እንደ ብናኝ ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ጋቢው ላይ ያርፋል። ጸጉር የሌላቸው የፈረንጅ ድመቶች እንኳ ይህ ፕሮቲን አላቸው። መጠኑ ከድመት ድመት ይለያያል፤ ያልተኮላሸ ወንድ ብዙ ያመነጫል፣ ሴትና የተኮላሸ ወንድ ያንሳሉ። ጭራሽ የሌላት ዝርያ ግን የለችም። ማጠብም የሚቀንሰው ለአጭር ጊዜ ነው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። እርጥብ ጸጉር፣ ግቢ ላይ፣ አሥር ደቂቃ። አሁን ነው የገባኝ።

ለሰውዬው ደወልኩ። «ይለምዱታል እህቴ፣ ሁለት ሳምንት ይታገሱ» አለኝ። እባካችሁ ይህችን ምክር አትስሙ። ማስነጠሱን በክኒን ልትችሉት ትችሉ ይሆናል፣ ደረታችሁ ሲር ሲር ካለ ወይም አስም ካለባችሁ ግን የምትታገሱት ነገር አይደለም፣ ቶሎ ታከሙ። ገንዘቤን መልስ ስለው ብሎክ አደረገኝ።

ብሩ ይቅር፣ የቆጨኝ ልጄ ናት። ውሮ ብላ ስም አውጥታላት፣ አብራት መተኛት ለምዳ ነበር። ድመቷን አዘዞ ያለችው እህቴ ወሰደቻት፤ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ታያታለች፣ ስትመለስ ደግሞ ልብሷን በር ላይ አስቀይራታለሁ፣ ምክንያቱም ብናኙ በልብስ ይጓዛል። ድመቷ ከወጣች በኋላም ፕሮቲኑ ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያል ብለውኛል። እውነት ነው፣ ምንጣፉን ጣና ወስጄ ያጠብኩት ያህል ፈትጌው እንኳ እስካሁን ያስነጥሰኛል።

ድመት የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ድመቷ የምትኖርበት ዝግ ክፍል ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ተቀመጡ፣ ክኒን ሳትውጡ፣ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ተመላልሳችሁ። አስም ያለበት ሰው ግን ይህን ከሐኪም ሳይማከር አይሞክረው። ሻጩ ቤቱ አላስገባም ካለ ትታችሁ ሂዱ። የገዛችሁም ካላችሁ መኝታ ክፍል በፍጹም አታስገቧት፣ ነክታችሁ ዓይናችሁን አትሹ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ምንጣፍ ከቻላችሁ አንሱ፣ ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ይህ ያቀልላችኋል እንጂ አያድናችሁም።

ትናንት ጎረቤቴ ሰውዬው በአዲስ ስም ሌሎች ሦስት ግልገሎች መለጠፉን ነገረችኝ። ያንኑ ወረቀት ነው የሚያሳየው። ቀብድ የሰጣችሁ ካላችሁ ቀሪውን አትክፈሉ።