የሴሲየም አዮዳይድ ዲጂታል ራጅ ሰሌዳ፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

በምሠራበት የራጅ ክፍል ፊልም ቀርቶ ጠፍጣፋው ዲጂታል ሰሌዳ ከተተከለ አንድ ዓመት ሞላው። ፍጥነቱ ያስደስታል፤ ምስሉ በጥቂት ሰኮንዶች ይደርሳል። እኔ ግን የምመዝነው በሌላ መስፈርት ነው፤ ጨረሩ በታካሚው አካል ሲያልፍ ይዞት የሚወጣውን ልዩነት ሰሌዳው ምን ያህል ሳያጠፋ ይቀበላል?

ያ ልዩነት የሚፈጠረው አካል ውስጥ ነው። አንድ ፎቶን (የጨረር ቅንጣት) ኃይሉን በሙሉ ለአቶሙ የውስጥ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ሲጠፋ ፎቶኤሌክትሪክ ክስተት ይባላል። የዚህም ዕድል አቶማዊ ቁጥሩ ከፍ ሲል በግምት በሦስተኛ ርቢው ይጨምራል፣ የፎቶኑ ኃይል ሲጨምር ደግሞ በዚያው መጠን ይቀንሳል። የአጥንት ካልሲየም አቶማዊ ቁጥር 20 ሲሆን፣ ለስላሳው አካል በብዛት የያዛቸው የሃይድሮጅን፣ የካርቦንና የኦክስጅን ቁጥሮች 1፣ 6 እና 8 ናቸው፤ አጥንት ነጥቶ የሚታየው ከእፍጋቱ ባሻገር በዚህ ምክንያት ነው። ሳንባ የሚጠቁረው ግን በውስጡ ያለው አየር እፍጋቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ነው።

ሰሌዳውን የወደድሁት ይኸው ክስተት በእርሱም ውስጥ ስለሚደገም ነው። የአዮዲን አቶማዊ ቁጥር 53፣ የሴሲየም 55 ነው፤ ሁለቱም በቅደም ተከተል ከ33 እና ከ36 ኪሎኤሌክትሮንቮልት (የፎቶን ኃይል መለኪያ) ጀምሮ ጨረርን የመምጠጥ አቅማቸው በድንገት ከፍ ይላል፣ ለምርመራ የምንጠቀምበት ጨረር የሚበዛውም በዚያ አካባቢ ነው። ሴሲየም አዮዳይዱ የመጠጠውን ጨረር ወደ ብርሃን ይለውጣል፤ እንደ መርፌ የቀጠኑት ክሪስታሎቹም ብርሃኑን ወደ ጎን ብዙ ሳይበትኑ ስለሚያወርዱት የጣት አጥንት ጥቃቅን መስመሮች ጥርት ብለው ይወጣሉ።

በሆድ ምስል ላይ ግን ሰሌዳው ብቻውን አይበቃም። ኮምፕተን በሚባለው ክስተት ፎቶኑ ኃይሉን በከፊል አጥቶ አቅጣጫውን ስለሚቀይር፣ ስለ መነሻው ትክክለኛ መረጃ ሳይሰጥ ምስሉን ያደበዝዛል። አብሮ የመጣው የእርሳስ ፍርግርግ አብዛኛውን የተበተነ ጨረር ያግዳል፤ በትክክል ካልተቀመጠ ግን የሚፈለገውንም ጨረር አብሮ ያስቀራል።

ቅሬታዬ በሶፍትዌሩ ላይ ነው። በፊልም ዘመን ጨረር ሲበዛ ምስሉ ጠቁሮ ያጋልጠን ነበር፤ አሁን ብሩህነቱ በራሱ ይስተካከላል፣ እንዲያውም ጨረሩ ሲጨምር የምስሉ ጩኸት (ምስሉን የሚያሻክረው ነጠብጣብ) ቀንሶ ይበልጥ ያምራል። በዚህ የተነሳ ለሕፃናት ደረት ከሚያስፈልገው በላይ ጨረር ለሳምንታት ስንሰጥ ማናችንም ሳናስተውል ቀረን፤ ዛሬም ይከነክነኛል። የተቀበለውን የጨረር መጠን የሚያሳየው ቁጥር አለ፣ ነገር ግን ተጨማሪ ገጽ ካልከፈቱ አይታይም። ባለሙያው የእጅ አንጓን በ55 ኪሎቮልት ፋንታ በ80 ካነሣም (ኪሎቮልቱ ሲጨምር የፎቶኖቹ ኃይል ይጨምራል)፣ አካሉ ውስጥ ያልተፈጠረውን ንፅፅር ሶፍትዌሩ ሲለጥጠው ጩኸቱን አብሮ ይለጥጣል።

ሰሌዳውን ያለማመንታት እመክራለሁ። ለመግዛት ያሰበ ክፍል ግን ያ ቁጥር ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ፊት ለፊት እንዲታይ ሻጩ ከርክክቡ በፊት አስተካክሎ እንዲያስረክበው በውሉ ላይ ያስጽፍ።