አርቲኬ ወይስ ፒፒኬ? ሪሲቨሩን ከመስክ በፊት ማዘጋጀት

የወሰን ድንጋይ የሚተክል ባለሙያ ነጥቡን እዚያው ማየት ስላለበት አርቲኬ (የሳተላይት ልኬቱ እዚያው በመስክ ላይ የሚታረምበት ዘዴ) የግድ ያስፈልገዋል። ሮቨሩ (ከነጥብ ነጥብ የሚዞረው ሪሲቨር) የቤዙን (አንድ ቦታ ተተክሎ የሚቆየውን ሪሲቨር) እርማት በሬዲዮ ወይም በሲም ካርድ በየሰከንዱ ይቀበላል። «ፊክስ» (ስሌቱ ጸንቷል) ሲል ይመዝግቡ፤ «ፍሎት» (ገና አልጸናም) ካለ ይጠብቁ። ሸለቆ ውስጥ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ግን ሥራው ይቆማል።

ፒፒኬ ግንኙነት አይፈልግም። ሁለቱም ሪሲቨሮች የሳተላይቶቹን ጥሬ መረጃ ይይዛሉ፣ ስሌቱ በኋላ በኮምፒውተር ይሠራል። ጉዳቱ ስህተቱ የሚታወቀው ቢሮ ከተገባ በኋላ መሆኑ ነው። ቤዙ በየ30 ሰከንዱ እንዲመዘግብ እንደተቀናበረ ተረስቶ ከሆነ፣ ሮቨሩ በየ1 ሰከንዱ የያዘው አብዛኛው መረጃ ተጣማጅ ያጣል። ለገደላማ አገር ግን ምርጫችን ይህ ነው፤ አርቲኬ ቢመርጡም ጥሬ መረጃ መመዝገብን አይተዉ።

ሁለቱንም የሚያበላሸው ቤዙ ነው። ሪሲቨሩ ራሱ የገመተውን ቦታ ተቀብሎ መነሳት ቤዙን በሜትሮች ሊያዛባው ይችላል። ሮቨሩ «ፊክስ» እያለ ነጥቡን ሁሉ በዚያው ልክ ያዛውራል! የታወቀ ነጥብ ላይ ይትከሉ፤ ዳተሙንም (የነጥቦቹ ቦታ የሚሰላበትን መነሻ ሥርዓት) ይዩ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ በነባሩ ዳተም በአዲንዳንና ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 መካከል ያለው ልዩነት 200 ሜትር አካባቢ ነው። የአንቴናውን ቁመት በሰያፍ ለክተው «ቀጥታ» ብለው አይሙሉ።

ፈርምዌር (የሪሲቨሩን የውስጥ ሶፍትዌር) ሲያዘምኑ መጀመሪያ መረጃውን ይገልብጡ፣ ባትሪውን ይሙሉ። ሲጨርስ የመመዝገቢያ ጊዜውንና የ10 ዲግሪ ማዕዘን ገደቡን (ለአድማስ የቀረቡ ሳተላይቶችን የሚተወውን) እንደገና ያረጋግጡ፤ ቅንብሩ ሊጠፋ ይችላል። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ ያልታደሰ ሪሲቨር ፋይሉ ላይ የ19 ዓመት ከ7 ወር ያህል የቆየ ቀን ሊጽፍ ይችላል።