የመርካቶ ቁርጥራጭ ጨርቅና ፋይበር ለልጅ ልጅ ብርድ ልብስ

መርካቶ በኪሎ የሚሸጠው ቁርጥራጭ ጨርቅ እብጥብጥ ላለ የሕፃን ብርድ ልብስ በጣም ተስማሚ ነው፤ ጥጡን ከፖሊስተሩ መለየት ግን የገዢው ፋንታ ነው። አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ይበቃል፦ ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። ደማቅ ቀይ ቀለሙን ስለሚለቅ ሳይቆረጥ ይታጠብ።

80 በ100 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ብርድ ልብስ 80 ኪስ ያስፈልጋል፤ ኪስ ማለት ሁለት ካሬ ጨርቅ ተሰፍቶ በፋይበር የሚሞላው ነው። የላዩ ካሬ 15፣ የታችኛው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። የላዩ ትርፍ በየጎኑ መሃል ታጥፎ በስፒል ይያዝና ሦስቱ ጎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይሰፋ። በአራተኛው 10 ግራም ያህል የትራስ ፋይበር ገብቶ ይዘጋል። ኪሶቹ ሲገጣጠሙ ስፌቱ 1 ሴንቲ ሜትር ይግባ፤ የመጀመሪያው ስፌት የሚደበቀው ያኔ ነው። ከመጠን በላይ የታጨቀ ኪስ ከስፌት መኪናው እግር ሥር አይገባም፣ መስመሩም ይጣመማል።

የትራስ ፋይበሩ ጥሩ ነው፤ በጡጫ ሲጨበጥ ተመልሶ መነፋት አለበት። የስፖንጅ ፍርፋሪ ግን ርካሽ ቢሆንም አይገዛ፣ ውሃ ይዞ ቶሎ አይደርቅም። ገበሩ በየሁለት ኪሱ መጋጠሚያ በክር ይታሰር፤ አለበለዚያ ሲታጠብ ይሸሻል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ወለል ላይ ይጫወትበት እንጂ ተኝቶ አይልበሰው፤ ወፍራም ልብስ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል።